የዜምስትቮ ቴምብርን እንዴት ማንበብ ይቻላል? የሩሲያ ገጠር ፖስታ ቴምብሮችን ለመለየት፣ ለመመርመርና ለመመዝገብ ዝርዝር መመሪያ

አሮጌ የሩሲያ ቴምብሮችን ስታገላብጡ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለ ሁለት ራስ ንስር የሌለባቸው፣ አንዳንዶቹ ጥርስ (በዳራቸው የሚበሳ የቀዳዳ ረድፍ) እንኳ ያልተበጀላቸው፣ ቀለማቸው የዋለለ ትንንሽ ቴምብሮች ያጋጥሟችኋል። በተለመደው የዓለም ቴምብር ካታሎግ የሩሲያ ገጾች ላይ ስለማይገኙ ብዙ ሰው የቀረጥ ቴምብር መስለውት ወደ ጎን ይተዋቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። አብዛኞቹ ግን የዜምስትቮ፣ ማለትም የአካባቢ ራስ አስተዳደር ጉባኤዎች ያቋቋሙት የገጠር ፖስታ፣ እውነተኛ ቴምብሮች ናቸው።

እነዚህን ቴምብሮች ከካታሎግ ቁጥር ወይም ከዋጋ ተነስቶ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ንድፎቻቸው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ኅትመታቸው ወጥ አይደለም፣ ሐሰተኞቻቸውም ብዙ ናቸው። የሚያዋጣው መንገድ ከአገልግሎቱ መነሳት ነው፦ ይህ ቴምብር ምን ዓይነት ጉዞ ከፍሎ ነበር? በየትኛው አውራጃ? ማን አተመው? ማንስ ሰረዘው፣ ማለትም ዳግመኛ እንዳያገለግል ምልክት አደረገበት? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ የካታሎግ ቁጥሩ ራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ይጻፋል።

መጀመሪያ አገልግሎቱን ማወቅ

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሩሲያ መንግሥት ፖስታ የሚያበቃው ኡዬዝድ በሚባለው ግዛት ዋና ከተማ ነበር። ለኛ አንባቢ ጉቤርኒያን እንደ ቀድሞው ጠቅላይ ግዛት፣ ኡዬዝድን እንደ አውራጃ፣ ቮሎስትን እንደ ወረዳ ማሰብ ይቀላል፤ ከዚህ በኋላም አውራጃ ስንል ኡዬዝድ ማለታችን ነው። ለገጠር ሰው የተላከ ደብዳቤ በአውራጃው ከተማ ፖስታ ቤት ተቀምጦ፣ ወደዚያ መንደር የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ሳምንታት ይጠብቅ ነበር።

በ1864 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር የዜምስትቮ ጉባኤዎችን አቋቋመ። ጉባኤዎቹ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና መንገድ በኃላፊነት ሲረከቡ የደብዳቤው ችግር ወዲያው ገጠማቸው። በኮስትሮማ ጉቤርኒያ የምትገኘው ቬትሉጋ በ1865 የራሷን ፖስታ ጀመረች፤ በሴንት ፒተርስበርግ ጉቤርኒያ ያለችው ሽሊሰልቡርግ በ1866 ቴምብር አወጣች። ሌሎችም ተከተሉ። ሕጋዊ ፈቃዱ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ሩሲያ ያኔ ትጠቀምበት በነበረው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 27 ቀን 1870 ነው።

የፈቃዱን ገደቦች በቃል ማጥናት ይጠቅማል፤ ሐሰተኛን ለመያዝ እስከ መጨረሻው ያገለግላሉ። የገጠሩ ፖስታ ከመንግሥት ፖስታ ጣቢያ ወደ መንደሮች፣ ከመንደሮች ወደ ጣቢያው፣ እንዲሁም የመንግሥት ፖስታ በሌለባቸው ቦታዎች መካከል ደብዳቤ፣ ጋዜጣና ገንዘብ ማመላለስ ይችላል። በመንግሥት የፖስታ መንገድ ላይ ግን መወዳደር አይችልም። ቴምብር ማውጣት ይፈቀድለታል፣ ንድፉ ከመንግሥቱ ቴምብር ጋር ምንም እንዳይመሳሰል። የገጠሩ ፖስተኛም በቦርሳው ላይ የአውራጃውን ወይም የጉቤርኒያውን ዓርማ ማድረግ ይችላል፣ የፖስታ ጥሩምባ ምልክት ግን አይቀመጥበትም።

ፖስታውን በየጊዜው ካቋቋሙት ከ300 በላይ አውራጃዎች ቴምብር ያወጡት 162 ናቸው። የቀሩት ወይ በነጻ ያደርሱ ነበር ወይ ክፍያውን ያለ ቴምብር ይሰበስቡ ነበር። ስለዚህ አንድ አውራጃ ፖስታ ነበረው ማለት ቴምብር ነበረው ማለት አይደለም። ዜምስትቮ በሳይቤሪያ፣ በካውካሰስ፣ በፖላንድና በባልቲክ ግዛቶች አልተቋቋመም፤ የዜምስትቮ ቴምብር ነው ተብሎ የቀረበላችሁ ቴምብር የሳይቤሪያ ከተማ ስም ከያዘ ምርመራው እዚያው አበቃ። አገልግሎቱ ከ1917 አብዮት በኋላ በመንግሥት ፖስታ ተጠቅልሎ ቀረ።

አንድ ዘመድ መሳይ አለ፦ ዌንደን። ዛሬ ላትቪያ ውስጥ ቼሲስ የምትባለው ይህች ከተማ ከባልቲክ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በሊቮንያ ስለነበረች ዜምስትቮ አልነበራትም፤ ሆኖም ከ1862 ገደማ እስከ 1903 የራሷን የገጠር ፖስታ ቴምብር ተጠቅማለች። የቀደሙት ቴምብሮቿ ጽሑፍ ጀርመንኛ ነው። በተለመዱት ካታሎጎች ሩሲያ ሥር ተመዝግባ የምትገኘውም እሷ ናት። ለየብቻ አስቀምጧት።

የሥራ ጠረጴዛው

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ጫፉ ሰፊና ለስላሳ የሆነ የቴምብር መቆንጠጫ፣ የጥርስ መለኪያ፣ በግማሽ ሚሊሜትር የተከፈለ ግልጽ ማስመሪያ፣ ከጎን የሚያበራ ትንሽ መብራት፣ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ለስላሳ እርሳስ። ስካነር ካለ ለመዝገብ በ600፣ የኅትመት ዝርዝር ለማየት በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) አንሡ። የስልክ ካሜራ ለመታወቂያ ይበቃል፤ ለልኬት ግን አይሆንም፣ ጠርዙ ላይ ስለሚያጣምም የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ከምንም ተነስቶ ይፈጠራል።

ውሃ ከጠረጴዛው ይራቅ። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉን ማንበብ

ሩሲያኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ጥቂት ፊደሎች ይበቃሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የለመደ ዓይን የሚሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው፦ ፒ የሚመስለው ፊደል ር ነው፣ ሲ የሚመስለው ስ፣ ኤች የሚመስለው ን፣ ቢ የሚመስለው ቭ፣ ዋይ የሚመስለው ኡ፣ ኤክስ የሚመስለው ኽ። ሁለት ቋሚና ከላይ አግዳሚ ያለው፣ በር የመሰለው ደግሞ ፕ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እይታ «ማፕካ» ተብሎ የሚነበበው ቃል ማርካ፣ ማለትም ቴምብር ነው።

ቀጥሎ ተደጋጋሚ ቃላቱን ለዩ፦ ዜምስካያ (የዜምስትቮ)፣ ሴልስካያ (የገጠር)፣ ፖችታ (ፖስታ)፣ ማርካ (ቴምብር)፣ ኡዬዝድ (አውራጃ)፣ ኮፕ (የሩሲያ ሳንቲም የሆነው የኮፔይካ ምሕጻር)። እነዚህን ስታወጡ የሚቀረው ቃል የአውራጃው ስም ነው።

ስሙ ግን በቅጽል መልክ ይጻፋል፤ መጨረሻው ስካያ፣ ስኮይ ወይም ስካጎ ይሆናል። ቅጥያውን ስትቆርጡ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛ፣ በጋ የሚጨርስ ስም ድምፁን ይለውጣል፦ ሉጋ «ሉዥስካያ»፣ ቬትሉጋ «ቬትሉዥስካያ» ይሆናል፤ ሉዥ የሚባል ከተማ ፍለጋ ካርታ ላይ መድከም ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ስም በመካከል ድምፅ ይጨምራል፦ ቮሎግዳ «ቮሎጎድስካያ»፣ ቡጉልማ «ቡጉልሚንስካያ»። ሦስተኛ፣ ስሙ ራሱ በስክ የሚጨርስ ሊሆን ይችላል፦ ቦጎሮድስክ «ቦጎሮድስካያ» ነው፤ ቅጥያውን ጠቅላላ ብትቆርጡት ቦጎሮድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ሞክሩ፣ በስክና ያለ ስክ። ፖልታቫ፣ ርዤቭ፣ ኮቴልኒች የመሳሰሉት ቀላል ናቸው።

ስሙ ከተገኘ በኋላም ጉቤርኒያውን ሳታረጋግጡ አትለፉ። ለምሳሌ አርዳቶቭ የሚባል አውራጃ በኒዥኒ ኖቭጎሮድም በሲምቢርስክም ነበረ።

አጻጻፉን ደግሞ እንደ ምስክር ተጠቀሙበት። የሩሲያ ፊደል በ1918 ተሻሽሏል፤ ከዚያ በፊት ያት የሚባል ፊደል፣ ነጥብ ያለበት እንደ እንግሊዝኛው አይ ያለ ፊደል፣ እንዲሁም በተነባቢ የሚያልቅ ቃል መጨረሻ ላይ የማይነበብ ጠንካራ ምልክት ይጻፉ ነበር። ያት ኡዬዝድ በሚለው ቃል ውስጥ አለ፤ ቅርጹ ሆድ ያለው ቋሚ ሆኖ ከላይ መስቀለኛ መስመር አለው። ኡዬዝድ የሚለው ቃል በዛሬው አጻጻፍ ከተጻፈ ቴምብሩ ከ1918 በኋላ የተሠራ የመሆኑ ጥርጣሬ ከባድ ነው። ከባድ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የአውራጃ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚም ይሳሳታል፣ የተሳሳቱ እውነተኛ ኅትመቶችም አሉ።

ደረጃ 2፦ ዓርማውን ማንበብ

ጽሑፉ ከተበላሸ ወይም ስም ከሌለ ዓርማው ይናገራል። አብዛኞቹ የከተማ ዓርማዎች በሩሲያዋ ንግሥት በዳግማዊት ካትሪን ዘመን የተሰጡ ሲሆኑ የጋራ ሥርዓት አላቸው፦ ጋሻው ለሁለት ይከፈልና የላይኛው ግማሽ የጉቤርኒያውን ዓርማ፣ የታችኛው የከተማውን ይይዛል። መጀመሪያ ላይኛውን ብቻ እዩ። ፍለጋው ከ162 አውራጃ ወደ አሥር ገደማ ይወርዳል።

ሦስት ዓሦች ካዩ ሳራቶቭ ነው። ቀፎና ሦስት ንቦች ታምቦቭ፤ ሦስት ነዶ ፔንዛ፤ መጽሐፍና መስቀል የተሸከመ ድብ ፔርም፤ መድፍ ላይ የቆመች ወፍ ስሞሌንስክ፤ ከደመና የወጣ እጅ ሰይፍና የወርቅ ሉል ይዞ ቮሎግዳ። ድብ ሁሉ ግን ፔርም አይደለም፤ የኖቭጎሮድ ዓርማም ድቦች አሉት፣ በዙፋን ግራና ቀኝ የቆሙ። መጽሐፉን ፈልጉ።

ቴምብሩ በአንድ ቀለም ከታተመ የዓርማው ቀለም በመስመር ይገለጻል። አግዳሚ መስመር ሰማያዊ፣ ቋሚ መስመር ቀይ፣ ነጥብ ወርቅ፣ ባዶ ሜዳ ብር፣ ሰያፍ አረንጓዴ፣ አግዳሚና ቋሚ ተደራርቦ ጥቁር ነው። ይህ ሥርዓት በመላው አውሮፓ አንድ ስለሆነ የታችኛውን ግማሽ ከታተሙ የከተማ ዓርማዎች ጋር ለማስተያየት ያስችላል። ሐሰተኛ ሠሪዎች በብዛት የሚስቱትም እዚህ ነው፤ ሥዕሉን ሲገለብጡ መስመሮቹን ለጌጥ ይወስዷቸውና አቅጣጫቸውን ያዛባሉ።

ደረጃ 3፦ እንዴት እንደታተመ መለየት

ይህ የሥራው እምብርት ነው፤ ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የዜምስትቮ ቴምብሮች በዋናነት በአራት መንገድ ተሠርተዋል፦ በድንጋይ ኅትመት (ሊቶግራፊ)፣ በለቀማ (ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችንና ጌጦችን አንድ በአንድ አሰልፎ በማተም)፣ በእጅ ማኅተም፣ በኋላ ደግሞ በሴንት ፒተርስበርጉ የመንግሥት ማተሚያ ቤት። የመጨረሻው መስመሩ ጥርት ያለ፣ ጥርሱ ንጹሕ፣ ከቴምብር ቴምብር የማይለዋወጥ ስለሆነ በቀላሉ ይለያል።

ቴምብሩን ገልብጡና መብራቱን ከጎን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ጀርባው ላይ የፊደሎቹ ወይም የክፈፉ ጉብታ ከታየ የእርሳስ ፊደል ኅትመት ነው። በማጉያ ከፊት ስታዩትም ቀለሙ ወደ መስመሩ ጠርዝ ተገፍቶ በዙሪያው ጠቆር ያለ ዳር ይሠራል። በድንጋይ ኅትመት ጀርባው ልሙጥ ነው፤ መስመሩም ከዳር እስከ ዳር እኩል ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ በትንሹ የለሰለሰ ሆኖ። የእጅ ማኅተም ከሆነ ቀለሙ በአንድ ወገን ይከብድና በሌላው ይሳሳል፤ ተከታታይ ማኅተሞችም ቀጥ ብለው አይሰለፉም።

በድንጋይ ኅትመት አሠራር ውስጥ ዋናው ነገር ሽግግር ነው። ባለሙያው በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አንድ ንድፍ ብቻ ይሥላል። ከዚያ በልዩ ወረቀት እያነሳ ጥቂት ቅጂዎች፣ እንበል አራት ወይም አሥር፣ ጎን ለጎን ያሰልፋል። ያንን ቡድን እንደገና እያነሳ ትልቁን ድንጋይ ይሞላል። በመጀመሪያው ሽግግር የተፈጠረ ጉድለት፣ ለምሳሌ የተቆረጠ ክፈፍ ወይም የደፈነ ፊደል፣ ቡድኑ በተደገመ ቁጥር ይደገማል፤ ስለዚህ ዓይነት ይባላል። በሁለተኛው ሽግግር ወይም በኅትመት ላይ የተፈጠረው ግን በሙሉው ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ ይታያል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ የወደቀ የቀለም ጠብታ «አዲስ ዓይነት» ተብሎ ይሸጣል።

ዓይነቶችን ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ኅትመት የተገኙ ቢያንስ ስድስት ቅጂዎችን በ1200 ዲፒአይ አንሥታችሁ በአንድ መጠን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ክፈፉን በአራት ማዕዘን ከፍላችሁ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚታየውን ጉድለት ጻፉ። ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ላይ በትክክል አንድ ቦታ የተደገመውን ብቻ ያዙ፤ የቀረውን ለጊዜው ተዉት። ጥንድ ወይም አራት ሆነው ያልተቆረጡ ቴምብሮች ካሉ ከሁሉ በፊት እነሱን ተጠቀሙ፣ የትኛው ዓይነት በየትኛው ጎን እንደሚቆም የሚያሳዩ እነሱ ብቻ ናቸውና። ከሽግግር ወረቀቶቹ አንዱ ተገልብጦ ከተለጠፈ አንዱ ቴምብር ቀጥ፣ ጎረቤቱ ቁልቁል ሆኖ ይታተማል። እንዲህ ያለውን ጥንድ ነጣጥሎ መቁረጥ ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

ልኬት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ለኅትመት ረጥቦ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት በአንድ ኅትመት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ሲታይ ግን ሌላ ድንጋይ ወይም ሐሰተኛ መሆኑን ጠርጥሩ።

ለቀማ ኅትመት ከዚህ ይቀላል። እያንዳንዱ ቴምብር ከተለያዩ የእርሳስ ቁራጮች ስለሚሠራ በወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እርስ በርስ ይለያያል፤ የተጣመመ ጌጥ፣ ከሌላ ቅርጸ ፊደል የገባ አንድ ሆሄ፣ የጎደለ ነጥብ። ሁሉም ቅጂዎች ፍጹም አንድ የሆኑበት «ለቀማ» ካገኛችሁ ከአንድ ቅጂ በፎቶ የተባዛ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥርስ፣ ወረቀት፣ ሙጫ

የጥርስ ቁጥር የሚባለው በ2 ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ የሚገቡት ቀዳዳዎች ብዛት ነው። አራቱንም ጎን ለኩ፤ በአውራጃ የተበሱት ቴምብሮች አግዳሚና ቋሚ ጎናቸው የተለያየ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ቀዳዳው የሸካከረና ያልወደቀ ወረቀት የያዘ ከሆነ አትደንግጡ፤ ያረጀ መብሻ እንዲያ ነው የሚሠራው።

ጥርስ የሌለው ቴምብር ሲቀርብላችሁ ግን ዳሩን ለኩ። ብዙ ቴምብሮች በሁለቱም መልክ፣ ባለ ጥርስና ያለ ጥርስ፣ ስለወጡ ባለ ጥርሱን ጠርዙን ቆርጦ ብርቅ ማስመሰል ቀላል ነው። በአራቱም ጎን ከቀዳዳው መስመር የሚያልፍ ሰፊ ዳር ከሌለ እርግጠኛ አትሁኑ፤ ጥንድ ሆኖ ከመጣ ጉዳዩ ያበቃል።

አልትራቫዮሌት መብራት ለወረቀቱ ነው። በደማቅ ሰማያዊ ነጭ የሚያበራ ወረቀት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተስፋፋው የማንጫ ኬሚካል የተሠራ ነውና ከ1917 በፊት ሊሆን አይችልም። የማያበራ መሆኑ ግን እውነተኛ አያደርገውም፤ በዘመኑ የተሠሩ ሐሰተኞች በዘመኑ ወረቀት ላይ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ስረዛውና ቀኑ

ብዙ አውራጃዎች ለስረዛ ብረት ማኅተም አላሠሩም። ጸሐፊው በቀለም ብዕር መስቀል ያደርጋል ወይም ቀኑን ይጽፋል። በሌሎች አገሮች ቴምብር በብዕር የተሰረዘ ሲሆን ለቀረጥ እንደዋለ ይቆጠራል፤ በዜምስትቮ ግን የፖስታ አገልግሎት ምልክት ነው፣ አታጥቡት፣ «ለማጽዳት»ም አትሞክሩ። በሌላ በኩል አንዳንድ አውራጃዎች የቀራቸውን ለነጋዴ ሸጠዋል፣ ለሰብሳቢ ብለውም ሰርዘዋል። ማዕዘኑ ላይ ብቻ በጥንቃቄ የተቀመጠ፣ ሙጫው ያልተነካ ስረዛ የዚህ ምልክት ነው።

ቀኑ በዩልዮስ አቆጣጠር ነው። ወደ ግሪጎርዮስ ለመመለስ እስከ ፌብሩዋሪ 1900 መጨረሻ 12 ቀን፣ ከዚያ በኋላ 13 ቀን ጨምሩ። ለኛ የሚመች ነገር ደግሞ አለ። የኛና የዩልዮስ አቆጣጠር ሁለቱም ሳያቋርጡ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት በዘመናት አይለወጥም፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ በዩልዮስ ኦገስት 29 ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ኦገስት 30። ስለዚህ የፈቃዱ ቀን ኦገስት 27 ቀን 1870 በኛ ጳጉሜ 4 ቀን 1862 ዓ.ም. ነው። 12 ወይስ 13 እያሉ ሳይጨነቁ በቀጥታ ይቀየራል።

ደረጃ 6፦ ሙሉ ፖስታ ሲገኝ

ቴምብሩ ከነፖስታው ከተገኘ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ እሱ ነው። ቴምብሩን ከፖስታው መቁረጥ ጉዳት ነው፤ ብዙ የዜምስትቮ ታሪክ በመቀስ ጠፍቷል።

ፖስታውን እንደ ጉዞ አንብቡት። ከመንደር ወደ ሩቅ ከተማ የሄደ ደብዳቤ ሁለት ክፍያ ይይዛል፦ የዜምስትቮ ቴምብር እስከ አውራጃው ከተማ፣ የመንግሥት ቴምብር ከዚያ ወዲያ። የዜምስትቮው ቀን ይቀድማል፣ የአውራጃው ከተማ የመንግሥት ማኅተም ይከተላል። ወደ መንደር የገባ ደብዳቤ ተቃራኒው ነው፤ የዜምስትቮ ቴምብሩም አንዳንድ ጊዜ ከተቀባዩ ሊሰበሰብ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በአውራጃው ውስጥ ብቻ የተዘዋወረ ደብዳቤ የመንግሥት ቴምብር አያስፈልገውም።

ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ። አድራሻው ወይም መነሻው እውነት ገጠር ነው? ዴሬቭኒያ፣ ሴሎ (ሁለቱም መንደር) ወይም ቮሎስት የሚሉ ቃላት ፈልጉ። ከሞስኮ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ መሀል ከተማ በተላከ ፖስታ ላይ የዜምስትቮ ቴምብር ሥራ የለውም። የቀኖቹ ቅደም ተከተል ከአቅጣጫው ጋር ይስማማል? የመንግሥቱ ክፍያ ከዓመቱ ጋር ይሄዳል? ተራ ደብዳቤ ከ1875 ጀምሮ 8 ኮፔይካ፣ ከ1879 ጀምሮ እስከ 1914 7 ኮፔይካ ነበር። በመጨረሻም፣ ስረዛው ከቴምብሩ ወደ ፖስታው ያልፋል? በብዕር የተሰረዘ ቴምብር አብዛኛውን ጊዜ ስለማያልፍ ይህ ብቻውን አይፈርድም፤ ግን በቴምብሩ ዙሪያ የሌላ መጠን ቴምብር የሙጫ ጥላ ካለ ተለውጧል ማለት ነው። እውነተኛ የመንግሥት ፖስታ ወስዶ ርካሽ የዜምስትቮ ቴምብር መለጠፍ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው፣ ብዙውን ጊዜም የሚጋለጠው በአድራሻው ነው።

ደረጃ 7፦ ውሃን መፍራት፣ አየርን መጠበቅ

ቴምብር ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለመደ ሰው እዚህ ይከስራል። ብዙ የዜምስትቮ ቴምብሮች በውሃ በሚሟሟ ቀለም ታትመዋል ወይም በእጅ ማኅተም ተመትተዋል፤ ሐምራዊው በተለይ በሰከንዶች ይሰራጫል፣ ቀለም የተቀባ ወረቀትም ወደ ጎረቤቱ ይለቃል። የብዕር ስረዛውም አብሮ ይሄዳል።

ወረቀት የተጣበቀበትን ቴምብር ማላቀቅ የግድ ከሆነ በእርጥበት አድርጉት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ታች የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጡ፣ በላዩ ስፖንጁን የማይነካ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ቴምብሩን ፊቱን ወደ ላይ። ክዳኑ ላይ የተጠራቀመ ጠብታ እንዳይወድቅ ከክዳኑ ሥር መምጠጫ ወረቀት አድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ማዕዘን በመቆንጠጫ ሞክሩ፤ ካልለቀቀ አትጎትቱ፣ መልሱት። ከለቀቀ በሁለት መምጠጫ ወረቀት መካከል፣ በቀላል መጽሐፍ ሥር ይደር። ሐምራዊ ቀለም ካለበት ይህም አይሞከር፤ ከነወረቀቱ ይቀመጥ።

ለማስቀመጫ አሲድ የሌለው ወረቀትና ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ያልተሠራ ኪስ ይሻላል፤ የፒቪሲ ማለስለሻ ቀለም ይስባል። የአየር እርጥበቱ 50 ከመቶ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሙጫ ያለው ቴምብር ከገጹ ጋር ይጣበቃልና አልበሙ ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ፣ ሳይጨናነቅ ይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ መመዝገብ

ለእያንዳንዱ ቴምብር አንድ መስመር ክፈቱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ አውራጃ፤ ጉቤርኒያ፤ ዛሬ ያለበት አገር (ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ወይም እንደ ሶሮኪ ሞልዶቫ)፤ የክፍያ መጠን በኮፔይካ፤ የኅትመት መንገድ፤ ዓይነት፣ ከታወቀ፤ ልኬት በሚሊሜትር፣ ቁመትና ወርድ፤ ጥርስ፤ ስረዛና ቀን፣ በዩልዮስ እንደተጻፈ፤ ጉዳት፤ የተገኘበት መንገድ። የካታሎግ ቁጥር የመጨረሻው ዓምድ ነው።

ቁጥሩን ስትጽፉ የማን እንደሆነ ጨምሩ። የቹቺን ካታሎግ በ1925፣ የሽሚት ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጥተዋል፤ ነጋዴዎች ሁለቱንም ይጠቀማሉ፣ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። ከሽሚት ሥራ ጋር የጌጣጌጥ ሠሪው ልጅ የአጋቶን ፋበርዤ ስም አብሮ ይነሳል፤ በዘመኑ ከታወቁት ታላላቅ የዜምስትቮ ስብስቦች አንዱ የእሱ ነበር። «ቁጥር 7» ብቻ ብሎ የጻፈ መዝገብ ከዓመታት በኋላ ለጻፈው ሰው እንኳ አይገባም።

ለጀማሪ አንድ ጉቤርኒያ መያዝ ይበቃል። ከእነዚህ ሁሉ ፖልታቫን እንመርጣለን። ፖልታቫ፣ ጋድያች፣ ዜንኮቭ፣ ክሬመንቹግ፣ ፔሬያስላቭ፣ ሉብኒ የመሳሰሉ አውራጃዎቿ ብዙ ቴምብር አውጥተዋል፤ ተራዎቹ በብዛት ስለሚገኙ ለልምምድ አይከብዱም፣ የድንጋይም የለቀማም ኅትመት ጎን ለጎን ያሳያሉ።

ያልታወቀ ቴምብር ሲቀር «ሐሰተኛ» ብላችሁ አትዝጉት። በተለየ ገጽ፣ ከፊትና ከጀርባ ምስሉ ጋር፣ የተነበበውን ሆሄ ብቻ ጽፋችሁ አቆዩት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚያመጣው ከዚያው አውራጃ የሚገኝ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ የተበላሸው ፊደል በሁለተኛው ላይ ይነበባልና።